ጨዋታ በሌለበት ወራት ምትን ስለ ማረም

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና አጠባበቅ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር ግን ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ይኸውም የጎልፍንና የገናን ምት፥ ጨዋታ በሌለበት ወራት በቤትና በግቢ ሆኖ ስለ ማረም ነው። ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያነበበ ሰው፥ ነገሩ ከልጆች አስተዳደግ የራቀ አለመሆኑን ያስተውለዋል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ጎልፍ የተማርሁት በአዲስ አበባ ሳለሁ ነው። ይህ ጨዋታ ከስኮትላንድ የመጣ ሲሆን፥ በሴንት አንድሩስ ሜዳ የጉድጓዶቹ ቍጥር 18 የሆነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1764 ዓመት ነው። በአገራችንም የእንግሊዝ መልክተኞች በአዲስ አበባ በኤምባሲያቸው ሰፊ ግቢ ሜዳ አበጅተው ሲጫወቱት ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ሥራዬ ወደ ሻኪሶ አመጣኝ። ሻኪሶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጉጂ ምድር የምትገኝ፥ በወርቅና በቡና የታወቀች ከተማ ናት፤ የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድንም በአቅራቢያዋ ነው። ወርቁና ቡናው ሞልቶ ሳለ የጎልፍ ሜዳ ግን የለም።

ዱላዎቼን ይዤ መጥቼ ስለ ነበረ፥ እሑድ እሑድ በግቢዬ ውስጥ ያለ ኳስ አየሩን መምታት ልማዴ ሆነ። ይህንንም የማደርገው ለመማር ሳይሆን ናፍቆቴን ለመወጣት ስለ ነበረ፥ አመታቴ ልክ ይሁን አይሁን አልመረመርሁም። በአጥሩ ሥር ተቀምጦ የሚመለከተኝ የ11 ዓመት ልጄ መኖሩንም ልብ አላልሁም ነበር።

ታኅሣሥ 29 ቀን የገና በዓል በዋለ ጊዜ የከተማው ልጆች ገና ለመጫወት በሜዳ ተሰለፉ። ይህ ጨዋታ ሁላችሁም እንደምታውቁት፥ ጫፉ ቈልመም ባለ ዱላ ሩር እየመቱ ወደ ተጋጣሚው ወገን ዳርቻ ማድረስ ነው። የጉጂ ልጆችም ቂሌ የሚሉት ይህን የመሰለ ጨዋታ ስላላቸው አብረው ተሰለፉ። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ ሳይለይ በአንድ ሜዳ ይጋፋል፤ በጨዋታው መካከል ለደረሰውም ነገር ቂም አይያዝም መባሉ የቈየ ወግ ነው።

ልጄ ሩሩ ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ዱላውን ከራሱ በላይ አንሥቶ በሙሉ ኀይሉ አወረደው። ሩሩን ሳተው፤ የዱላውም ጫፍ የአንድ ጓደኛውን ቅልጥም አገኘው። ልጁ ወደቀ፤ ደሙም ፈሰሰ። ወደ ሐኪም ቤት ወስደነው አጥንቱ አለመሰበሩ በተነገረን ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገንን። በዚያው ማታ ልጄን ጠርቼ ልቈጣው ብጀምር፥ «አባባ፥ እኔ የመታሁት እርስዎ እሑድ እሑድ እንደሚመቱት ነው» አለኝ። ይህን የተናገረው ከጥፋቱ ለማምለጥ አልነበረም፤ እውነቱን ነበረ። እኔም የምቈጣበት ቃል አጣሁ።

በማግሥቱ ከሽማግሌዎች ጋራ ሆነን የተጐዳውን ልጅ አባት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድን። ሰውዬው በመልካም ተቀበለን፤ ቡናም ተፈላ። «ልጆች ሲጫወቱ የደረሰ ነው፤ ይቅር ብያለሁ። ልጅዎ አመታቱን እስኪያርም ድረስ ግን ከልጆቻችን ጋራ ወደ ሜዳ ባይወርድ እወዳለሁ» አለኝ። ፍርዱ ትክክል ነበረ። ልጄ ግን ጓደኞቹ ሁሉ የሚውሉበትን ሜዳ አጣ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል በጕብዝናቸው በሸዋ ገና የተጫወቱ አንድ አረጋዊ ነበሩ። ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጁን አይቈጡት፤ ያየውን ሠራ። ምት በሜዳ ላይ አይማሩትም፤ በቤት የተማሩትን በሜዳ ያሳዩታል እንጂ። እስከሚመጣው ገና 12 ወር አለላችሁ። የሚመታ ሰው ራሱን አያይምና የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ።» ይህ ምክር ለሁለታችንም የተሰጠ መሆኑን ተረዳሁት።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የክረምቱ በረዶ ሜዳውን ሲሸፍነው ጎልፍ ይቆማል፤ ብልህ ተጫዋቾችም በዚያ ወራት በቤት ሆነው ጕድለታቸውን ያርማሉ። በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ሜዳውን ያጨቀየዋል። የሻኪሶ ወራት ግን ከዚህ ልዩ ነው፤ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንብና ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመለሳል። የጉጂና የቦረና ሕዝብ የመጀመሪያውን ዝናብ «ገና»፥ ሁለተኛውን «ሀገያ» ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ የእኛ ገና በደረቁ ወራት የሚውል በዓልና ጨዋታ ሲሆን፥ የእነርሱ ገና ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ነው። ልጄ ይህን በሰማ ጊዜ ደስ ብሎት «በአንዱ ገና ያጠፋነውን በሌላው ገና እንማረዋለን» አለ። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ጨዋታ የሌለበት ወራት ለትምህርት የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኳስ በፊታችን ባለ ጊዜ አሳባችን ሁሉ ኳሱ በሚደርስበት ላይ ይሆናል፤ ኳሱም በአጋጣሚ ቀንቶ ከሄደ፥ ሰውነታችን አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ሸፍኖት ሳለ መልካም የመታን ይመስለናል። የጎልፍ ኳስ ደግሞ እንደ ሩር አይንከባለልም፤ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚህም ጊዜ ልብ ለመፍራት፥ እጅም ለመጨበጥ ፋታ ያገኛል። ኳስ ከሌለ ግን የሚያታልለን ነገር የለም፤ የሚቀረው አካላችንና አመታታችን ብቻ ነው። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» እንደ ተባለው፥ የቈየ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅምና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መልመድ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ስለ አያያዝ። ቀኝ እጁን የለመደ ሰው ግራ እጁን ከላይ፥ ቀኝ እጁን ከታች አድርጎ ይይዛል። ዱላው በመዳፍ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጣቶች ሥር ተጠግቶ ይቀመጥ። ብዙዎች ተጫዋቾች የቀኝ እጃቸውን ትንሽ ጣት በግራ እጃቸው ሌባ ጣትና የመካከል ጣት መካከል ደርበው ይይዛሉ። ይህ አያያዝ ሃሪ ቫርደን በተባለው በጀርሲ ደሴት ተወላጅ ስም ይጠራል፤ እርሱም ከ1896 እስከ 1914 በነበሩት ዓመታት የብሪታኒያን ታላቅ ውድድር 6 ጊዜ ያሸነፈ ነው። የአጨባበጡ ልክ የወፍ ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ይሁን፤ እንዳታመልጥ ይይዟታል፥ እንዳትሞትም አያስጨንቋትም። እኔ ግን ዱላውን እንደ ጠላት ጕሮሮ አንቄ እይዝ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ደንድኖ ይቆም ነበር። አያያዝን ለመልመድ ሜዳ አያስፈልግም፤ ማታ ከራት በኋላ ተቀምጦ ሳለ ዱላውን ይዞ መልቀቅ፥ ደግሞ መያዝ፥ እጅ ያለ ዓይን ርዳታ ስፍራውን እስኪያውቅ ድረስ መደጋገም ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ስለ አቋቋም። እግሮች በትከሻ ልክ ይለያዩ፤ ጕልበቶች ጥቂት ይለስልሱ። ሰውነት ሲያጐነብስ ከዳሌ ይጠፍ እንጂ ጀርባ አይጕበጥ፤ ክንዶችም ከትከሻ ቀጥ ብለው ይንጠልጠሉ። ከዚህም በላይ የእግሮች፥ የዳሌና የትከሻ አቅጣጫ ትክክል መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች እንደ ባቡር ሐዲድ ጐን ለጐን በምድር ላይ አጋድሙ፤ አንደኛው ኳሱ የሚሄድበት መንገድ ነው፥ ሁለተኛው የእግራችሁ ጣቶች የሚቆሙበት ነው። እኔ ይህን ባደረግሁ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ወደ ቀኝ ዞሬ ቆሜ ወደ ፊት የቆምሁ ይመስለኝ እንደ ነበረ ተገለጠልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ መዞር። ምት የክንድ ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የልጄና የእኔ ዋና ስሕተትም ይህ ነበረ። ዱላው ወደ ኋላ ሲነሣ ትከሻ 90 ዲግሪ ያህል፥ ዳሌም የዚያን እኩሌታ ያህል ይዞራል፤ የሰውነት ክብደትም ወደ ቀኝ እግር ይሄዳል። ዱላው ሲመለስ አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰው የታችኛው አካል ነው፤ ክብደት ወደ ግራ እግር ይመለሳል፥ ግራው ዳሌ ይዞራል፥ ከዚያ በኋላ ክንድና ዱላ ይከተላሉ። ክንድ ቀድሞ የወረደ እንደ ሆነ ግን ምቱ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ይሆናል፤ በጎልፍ ኳሱን ያጣምማል፥ በገና የሰው ቅልጥም ይሰብራል። ለልምምዱ ጀርባን ወደ ግድግዳ ሰጥቶ አንድ ጫማ ያህል ርቆ መቆም፥ ክንዶችን በደረት ላይ ማጣመር፥ ወደ ኋላ ሲዞሩ የቀኝ መቀመጫ፥ ሲመለሱ የግራ መቀመጫ ግድግዳውን እንዲነካ ማድረግ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በእልፍኝ ውስጥ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ምንም ነገር አይሰበርም።

አራተኛ፤ ስለ ልክና ስለ ርጋታ። ጆን ኖቮዜል የተባለ አሜሪካዊ የታላላቅ ተጫዋቾችን ምት በተንቀሳቃሽ ሥዕል እየቈጠረ፥ ዱላው ወደ ኋላ ለመነሣት የሚፈጅበት ጊዜ ወርዶ ኳሱን እስኪመታ ከሚፈጅበት ጊዜ 3 እጥፍ መሆኑን በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ስለዚህ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያሉ ማንሣት፥ «አራት» ሲሉ ማውረድ መልካም ልምምድ ነው። ሌላው ደግሞ ዱላውን ገልብጦ ቀጭን ወገኑን ወደ ታች አድርጎ ማወዛወዝና ድምፁን ማድመጥ ነው፤ የአየሩ ፉጨት ኳሱ ሊኖርበት በሚገባው ስፍራና ከዚያ አለፍ ብሎ መሰማት አለበት። ቀድሞ ከተሰማ ኀይሉ በከንቱ ፈስሷል ማለት ነው።

በዚህ ነገር ትልቁን ርዳታ ያገኘሁት ከባለቤቴ ነው። እርሷ ጎልፍ ተጫውታ አታውቅም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስፌቷን እየሠራች ታደምጠን ነበር። አንድ ቀን «የልጁ ፉጨት ከፊት ይሰማኛል፥ የእርስዎ ግን ከኋላ ነው፤ ደግሞም ዱላውን ሊያወርዱ ሲሉ ትንፋሽዎን ይይዛሉ» አለችኝ። አስተማሪዬ እንኳ ይህን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንፋሼን እያወጣሁ መታሁ፤ ከደነደነው ትከሻዬም እኩሌታው ላላ። ሽማግሌው «የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉ» ያሉትም ነገር ምን እንደ ሆነ በዚህ ተገለጠልኝ፤ የሚያይልን ሰው በቤታችን ነበረ።

አምስተኛ፤ ስለ አፈጻጸም። ምቱ ከተፈጸመ በኋላ ደረት ወደ ዒላማው ይዞራል፥ ክብደት በግራ እግር ላይ ያርፋል፥ ቀኝ ተረከዝም ይነሣል። በዚህ ሁኔታ ሳይንገዳገድ እስከ ሦስት መቍጠር ያልቻለ ሰው ከዐቅሙ በላይ መትቷል። ልጄን በኳስ ስፍራ አንድ የቡና ፍሬ በሣር ላይ አስቀምጬለት፥ ዱላውን ከጕልበቱ ከፍ ሳያደርግ የፍሬውን ሥር ሣር ጠረግ እንዲያደርግ አስለመድሁት። ስለዚህ ስፍራ ስናገር የአገሩ ወርቅ አጣቢዎች ትዝ ይሉኛል፤ ገበታውን በውሃ ውስጥ ሲያዞሩ የቸኰለው ወርቁን ከአፈሩ ጋራ ይደፋዋል፥ የታገሠው ግን ከታች ያገኘዋል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አበው የተናገሩት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተገባ ነው።

የግዴታ ዕረፍት ያገኘው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ የቤን ሆጋንን ታሪክ መስማት ይጠቅማል። ይህ አሜሪካዊ በጎልፍ ዝናው በገነነበት ዘመን፥ የካቲት ወር በአውሮፓውያን አቈጣጠር 2 ቀን 1949 ዓመት በቴክሳስ ጭጋግ በሸፈነው መንገድ ከባለቤቱ ጋራ ሲጓዝ፥ አንድ ትልቅ አውቶቡስ ፊት ለፊት መጣበት። ሆጋንም ባለቤቱን ለማዳን በላይዋ ተወረወረ። እርሷ ዳነች፤ እርሱም ከመሪው ፊት ስለ ተነሣ ከሞት ተረፈ። ነገር ግን የዳሌው፥ የማጅራት አጥንቱ፥ የጐድኑና የቍርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰበረ፤ ደግሞ መራመዱም አጠራጠረ። በቤቱ ውስጥ እየዞረ መራመድን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያ ተማረ። ከ16 ወር በኋላ በሰኔ 1950 የአሜሪካን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በ1953 ደግሞ በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ውድድሮችን ድል አደረገ። በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የምትን መሠረት በአምስት ትምህርቶች ከፍሎ ሲያስተምር፥ መጀመሪያ ያደረገው አያያዝን ነው። ታላቁ ሰው ከትንሹ ነገር መጀመሩን ልብ በሉ።

ይህን ልምምድ ለመጀመር ለምትፈልጉ አንባቢዎች ጥቂት ማሳሰቢያ ልጨምር። በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ጥቂት መልመድ ይበልጣል። በአንድ ጊዜ አንድ ስሕተት ብቻ አርሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ተራምዳችሁ ወገባችሁንና ትከሻችሁን አፍታቱ፤ ጀርባውን ወይም ጕልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ዱላ በምታወዛውዙበት ስፍራ ሰው፥ መብራትና መስተዋት አለመኖሩን ተመልከቱ። ለልጅ የሚሰጠው ዱላ ለቁመቱና ለጕልበቱ የሚመጥን አጭርና ቀላል ይሁን፤ የአባቱን ከባድ ዱላ የያዘ ልጅ ሊጥለው እንጂ ሊያዝዘው አይችልም።

በሚቀጥለው ገና ዋዜማ ያን የተጐዳውን ልጅ አባት ወደ ግቢያችን ጋበዝሁትና የልጄን አመታት እንዲመለከት ለመንሁት። በዝምታ ከተመለከተ በኋላ «ነገ ይምጣ» አለ።

በበዓሉ ቀን ልጄ ከጓደኞቹ ጋራ ተሰለፈ። የዱላው ጫፍ ከምድር ብዙ ሳይርቅ ሩሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አቅንቶ መታው፤ ዳርቻ ያደረሰው ግን ሌላ ልጅ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሩሩ ከእግሩ ሥር መጣለት፤ ልጆች ግን ከፊቱ ተፋፍገው ነበር። ዱላውን ለማንሣት ጀምሮ አቆመው፤ ሩሩም አለፈው። የወገኑ ልጆች ጮኹበት። ከአጠገቤ ቆሞ ይመለከት የነበረው ያ አባት ግን ወደ እኔ ዞሮ «አሁን መምታት ዐውቋል» አለኝ።

እኔም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ በወጣሁ ጊዜ ከወዳጆቼ ጋራ ጎልፍ ተጫወትሁ። የሳትኋቸው ምቶች አሁንም ጥቂት አልነበሩም፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱን ለምን እንደ ሳትሁት ዐወቅሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ልጆቻችን ምክራችንን ከመስማታቸው በፊት ክንዳችንን ያያሉ። ተመልካች የሌለ መስሎን በግቢያችን የምናደርገውን ሁሉ በአጥር ሥር ተቀምጦ የሚማር አለ። ስለዚህ ሜዳው በተዘጋበት ወራት አስቀድመን የራሳችንን አመታት እናርም፤ ሜዳው ሲከፈት ልጆቻችን ያየነውን ሳይሆን ያረምነውን ይዘው ይወርዳሉ።